የቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ኳስ

እዚህ ለንደን ሰዓቱ ለክረምት ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ፣ ቅዳሜ ልክ 12 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ባዶ አግዳሚ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታ ይጀመራል፤ ዘግይቶ የመጣው በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል። የእኔ ወንድም ከነዚያ አንዱ ነው። ጎል በገባ ቁጥር ይደውልልኛል፦ «አየኸው?» የት አባቴ አየዋለሁ! ጨዋታው ከምኖርበት ሰፈር በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ነው፤ የእኔ ቴሌቪዥን ግን የሚያሳየኝ ስቱዲዮ ውስጥ ተደርድረው፣ እነሱ ብቻ የሚያዩትን ስክሪን እያዩ የሚጮሁ የቀድሞ ተጫዋቾችን ነው።

ይህ የቴክኒክ ችግር አይደለም፤ ደንብ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በለንደን ሰዓት ከ8፡45 እስከ 11፡15፣ በብሪታንያ ቴሌቪዥን የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም። መርካቶ ያለው ሰው የሚያየውን ለንደን ያለው የሚነፈገው፣ ሶፋው ላይ ከሚቀር ተነስቶ የሰፈሩን ክለብ እንዲያይ ተብሎ ነው። እኔም መጀመሪያ በንዴት፣ ኋላ በፍላጎት፣ ተነስቼ ሄድኩ።

ለካ ያ በቴሌቪዥን የምናመልከው ሊግ የተራራው ጫፍ ብቻ ነው። እንግሊዞች «ሊግ» ሲሉ በጥብቁ ትርጉም 92 ክለቦች ማለታቸው ነው፦ 20ው በፕሪምየር ሊግ፣ 72ቱ ከሥሩ ባሉት ሦስት ዲቪዚዮኖች። ከዚያ በታች ያለው በሙሉ «ኖን ሊግ» ይባላል፤ ሊግ ያልሆነ እንደማለት። ስሙ ያሳስታል እንጂ ሊግ የሞላውስ እዚያ ነው። ከላይ 24 ክለቦች ያሉት ናሽናል ሊግ አለ። ከሥሩ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ በታች አራት ትላልቅ የክልል ዲቪዚዮኖች አሉ፤ ብዙዎቹ የለንደን ክለቦች የሚጫወቱበት ኢስሚያን ሊግ አንዱ ሲሆን፣ ከፕሪምየር ሊጉ ቢቆጠር ዋናው ዲቪዚዮኑ ሰባተኛው እርከን ላይ ነው። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር የሚሸፈነው አካባቢ እየጠበበ፣ የአውቶቡስ ጉዞው እያጠረ፣ ደመወዙ እየሳሳ ይሄዳል፤ እስከ መናፈሻ ሜዳ ድረስ። መሰላሉ ግን አይቆረጥም። ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል።

ደቡብ ለንደን፣ ኢስት ደልዊች ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ቻምፒዮን ሂል የሚባል ሜዳ አለ። በ1893 የተመሠረተው ደልዊች ሃምሌት የሚጫወተው እዚያ ነው። ማልያው ሮዝና ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ በመጀመሪያ ሳየው የሠርግ ሚዜ መስሎኝ ነበር። ወደ ሜዳው የሚያስገባው መንገድ በኤድጋር ኬይል ስም ይጠራል። ይህ ሰው አንድ ሳንቲም የማይከፈለው አማተር ሆኖ፣ ከደልዊች በቀጥታ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ በ1929 ፈረንሳይ ላይ ሁለት ጎል ያስቆጠረ ነው። ክለቡ የአማተሮች ዋንጫን አራት ጊዜ የወሰደውም በነዚያ ዘመናት፣ በ1920፣ 1932፣ 1934 እና 1937 ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ስትቆሙ የሚገርማችሁ ቅርበቱ ነው። ከብረቱ አጥር ማዶ መስመር ዳኛው እጃችሁን ብትዘረጉ ይደርስላችኋል። ተከላካዩ ግራ ክንፉን ሲሰድበው ቃሉ ይሰማል፤ የጉልበት አጥንት ሲጋጭም ይሰማል፣ ይህን ዲኤስቲቪ አያሰማም። በላይኞቹ ሊጎች በ1985 በወጣ ሕግ ሜዳው በሚታይበት ቦታ መጠጥ መያዝ ክልክል ሲሆን፣ እዚህ ግን ሰዉ ቢራውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ነው የሚያየው። ከሁሉ የወደድኩት የእረፍት ሰዓቱን ነው። ፊሽካ ሲነፋ ደጋፊው በሙሉ ከቆመበት ይነሳና፣ ባንዲራውን ጠቅልሎ፣ ሜዳውን ዞሮ ወደ ሌላኛው ጎል ጀርባ ይሄዳል፤ ቡድኑ አሁን የሚያጠቃው ወደዚያ ስለሆነ። በመንገድ ላይ የተጋጣሚው ደጋፊ በተቃራኒው ሲመጣ ይተላለፋሉ፤ ፖሊስ የለ፣ የሚለያቸው አጥር የለ፣ ይቀላለዳሉ እንጂ።

በ2018 ይህ ክለብ ከመሬቱ ባለይዞታ ጋር በተነሳ ውዝግብ ከሜዳው ተባረረ። ደጋፊው ማልያውን ለብሶ ወደ ሚቻም፣ ከሌላ ክለብ በትውስት በተገኘ ሜዳ ተሰደደ፤ የሚገርመው በስደቱ ዓመት ሄንደንን በመለያ ምት አሸንፎ ወደ ናሽናል ሊግ ደቡብ ማደጉ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ወደ ቻምፒዮን ሂል ተመለሰ። በ2023 ደግሞ ተመልሶ ወረደ። መሰላል ነው ብያለሁ።

የኢስሚያን ሊግ አመሠራረት ለብቻው ወሬ ነው። በ1905 ስድስት የአማተር ክለቦች ተሰባስበው አቋቋሙት፤ መሪ ቃላቸው በላቲን «ክብሩ ይበቃል» የሚል ነበር። እንዳሉትም አደረጉ፦ ሻምፒዮን የሆነው ዋንጫም ሜዳልያም አያገኝም ነበር። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ለንደን የሚኖሩ የስኮትላንድ ሰዎች ክለብ የሆነው ለንደን ካሌዶኒያንስ ነው። ከ1984 ጀምሮ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በየክረምቱ በየከተማው ቡድን እየሠራ የሚሰባሰበው የእኛ ሰው፣ በሰው አገር ባገር ልጅነት ማልያ በመልበስ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

ክብሩ ግን ሁሉንም አላጠገበም። አማተርነት ሞልቶ በፈሰሰበት ዘመን፣ በ1951 የአማተር ዋንጫን ፍጻሜ ለማየት ዌምብሌ 100,000 ሰው ገብቷል፤ ይህ ሁሉ ቲኬት ተሽጦ ተጫዋቹ ባዶ እጁን ይሄዳል ብሎ የሚያምን የዋህ ነው። ከጨዋታ በኋላ ልብሱን ሊቀይር የገባው ተጫዋች ታኬታው ውስጥ የተሸጎጠ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ ማን እንዳስቀመጠው ማንም አይጠይቅም። ፌዴሬሽኑ ይህንን ጉድ አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ ኖሮ በ1974 አማተርና ፕሮፌሽናል የሚለውን መለያ ራሱን ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም «ተጫዋች» ነው። ግማሹ ከኳሱ ይከፈለዋል፣ ግማሹ ለታኬታው ራሱ ይከፍላል።

አንድ ክለብ ግን እምቢ አለ። ደቡብ ምዕራብ ለንደን ቶልዎርዝ ውስጥ የሚጫወተው ኮሪንቲያን ካዡአልስ ለተጫዋቾቹ ዛሬም አይከፍልም። ስሙን የምታውቁት ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ፦ ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱ የሆነው ኮሪንቲያን በ1910 ብራዚልን ሲጎበኝ ያዩት የሳኦ ፓውሎ ሠራተኞች የራሳቸውን ክለብ ኮሪንቲያንስ ብለው ሰየሙት። በ2015 አባትየው ልጁን ሊጠይቅ ሳኦ ፓውሎ ሄዶ 3 ለ 0 ተሸኝቷል። ልጁ ያኔ በዓለም ከታወቁት ክለቦች አንዱ፣ አባትየው ደግሞ ሰኞ ሥራ የሚገቡ ሰዎች ስብስብ።

የውድድር ዘመኑ የሚጀምረው ነሐሴ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ገና በልምምድ ጨዋታ ሲዝናኑ፣ በትንንሾቹ ሜዳዎች የኤፍኤ ካፕ የመጀመሪያ ማጣሪያ ይደረጋል። ከ700 በላይ ክለቦች ይመዘገባሉ፤ ፕሪምየር ሊጎቹ የሚገቡት ጥር ላይ፣ በሦስተኛው ዙር ነው። እስከዚያ ያለው የትንሾቹ ነው፤ ለአንድ የማጣሪያ ድል የሚሰጠው ሽልማት ለእነሱ የዓመት የፓውዛ መብራት ወጪ ማለት ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ተአምር ይታያል። በ1989 ሰተን ዩናይትድ ያኔ በአንደኛው ዲቪዚዮን የነበረውን ኮቨንትሪን 2 ለ 1 አሰናብቷል፤ ሰፈሩ ዛሬም ትናንት የሆነ ያህል ነው የሚያወራው።

ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ የዚህ ኳስ ፈተና ናቸው። ጠዋት ዳኛው ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃው ላይ ኳስ ያነጥራል፤ ኳሱ ከቆመ ጨዋታው ተሰርዟል፣ የተቀቀለው ሾርባም ለበጎ ፈቃደኞቹ ምሳ ይሆናል። የተሰረዘው ግን አይጠፋም፣ ይጠራቀማል። 22 ክለብ ያለበት ዲቪዚዮን 42 ጨዋታ አለው፤ የክረምቱ ዕዳ መጋቢት ላይ ሲመጣ ቅዳሜ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ መጫወት ግድ ይሆናል። ቀን ጣሪያ ላይ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ በትራፊክ ተጨናንቆ ደርሶ፣ መኪናው ውስጥ ታኬታውን አስሮ ይገባል። እኔ የቡድን መሪ ብሆን በዚህ ወር እንቅልፍ አይወስደኝም፦ ኮንትራት የሌለውን ተጫዋች ሌላ ክለብ በሰባት ቀን ማሳሰቢያ ብቻ ሊያናግረው ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ወደ ላይ የሚወጡ አሉ። ስቱዋርት ፒርስ እስከ 1983 ድረስ ለዌልድስቶን እየተጫወተ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ይተዳደር ነበር። ኖቲንግሃም ፎረስት ከገባ በኋላ እንኳ በክለቡ የጨዋታ መጽሔት ላይ የኤሌክትሪክ ሥራ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፤ ኋላ ለእንግሊዝ 78 ጊዜ ተሰልፏል። የአርሰናሉ ኢያን ራይት በደቡብ ለንደን የእሁድ ኳስ አድጎ፣ ለግሪኒች ቦሮ በሳምንት 30 ፓውንድ ሲጫወት ነው ክሪስታል ፓላስ ያገኘው። ያኔ 22 ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ በእኛ አገር «አለፈህ» የሚባልበት ዕድሜ።

ክለብም ይወጣል። ዊምብልደን በ2002 ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲዛወር ሲፈቀድ ደጋፊዎቹ አልቅሰው ቤታቸው አልገቡም። ዊምብልደን ኮመን በሚባለው ሕዝባዊ ሜዳ ላይ ለራሳቸው አዲስ ክለብ ተጫዋች መርጠው፣ ከታች፣ ከካምባይንድ ካውንቲስ ሊግ ጀመሩ። 78 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፉ ሄዱ፤ በ2011 ከ92ቱ ተርታ ገቡ፤ በ2020 ወደ ሰፈራቸው ፕላው ሌን ተመለሱ። ብሮምሊ ደግሞ ከተመሠረተ 132 ዓመት ጠብቆ በ2024 ዌምብሌ ላይ በመለያ ምት አለፈ። እዚያ ደረጃ ሰው ሠራሽ ሣር ክልክል ስለሆነ የመጀመሪያ ሥራው ሜዳውን መንቀል ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲሠለጥንበትና ሲከራየው የኖረውን የገቢ ምንጭ። ማደግም ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። የብዙዎቹ ክለቦቻችን ስም ራሱ ባለቤታቸውን ይናገራል፦ ንግድ ባንክ፣ መድን። መሥሪያ ቤቱ ሲደክመው ክለቡም ይደክማል። ጨርቅ ኳስ ያራገጠ ሰፈር ሁሉ ክረምት ላይ ቡድን አለው፤ መስከረም ሲጠባ ግን ቡድኑ ከጭቃው ጋር ይደርቃል፣ ምክንያቱም ወደየትም የሚያስወጣ ደረጃ ከፊቱ የለም። ተጫዋች አላጣንም፤ ያጣነው የታችኛውን እርከን ነው።

የመሰላሉ የመጨረሻ እግር ያለው ምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ማርሽስ ላይ ነው። ረግረጉ የተደለደለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ባፈረሳቸው ቤቶች ፍርስራሽ ነው፤ በላዩ ላይ ከመቶ በላይ ሜዳ የነበረበት ጊዜ ነበር፣ ዛሬ ቀንሷል። እሁድ ጠዋት ሜዳዎቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ የአንዱ ፊሽካ የሌላውን አጥቂ ያስቆማል። መረቡን የሚያስሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ የትናንት ምሽት ከፊታቸው ሳይወርድ።

ከ2019 ወዲህ በዚህ ደረጃ ዳኛን የተሟገተ ቢጫ አይቶ ለ10 ደቂቃ ይወጣል። አንድ እሁድ አርባዎቹን የገፋ ቦርጫም ተከላካይ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ትንሽ ልጁ ሮጦ መጥቶ ማልያውን ጎተተና ለምን እንደወጣ ጠየቀው። አባት «ዳኛው ዓይኑ አያይም» አለው። ሰዓቱ ደርሶ ተጠራና ተመልሶ ገባ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ ለዳኛው ደገመለት፤ እንደገና መጥቶ አጠገቤ ቆመ።