ስለ «ፈጠራ»፣ «ፓተንት» እና «ኢኖቬሽን» የስያሜ ድንበር

በፓተንት ብልጫ ስላላቸው ኩባንያዎች የሚያትቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ «ፈጠራ» የሚለው ቃል ሦስት ሸክም ሲሸከም እናያለን፤ ይኸውም የተፈለሰፈውን አዲስ ነገር፣ በሕግ የተሰጠውን መብትና ነገሩን ሠርቶ ለገበያ ማብቃትን ነው። («የፈጠራ ወሬ» ስንል ሐሰትን ማመልከቱን ለጊዜው እንተወው።)

ልዩነቱን የኮዳክ ታሪክ ከማናቸውም ፍቺ ይልቅ ያስረዳል። የኩባንያው መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ ይህ ፈጠራ ነው። በ1978 ለካሜራው የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ፤ የመብቱም ባለቤት ኮዳክ ሆነ። ይሁን እንጂ ዋና ገቢው ከፊልም ሽያጭ የነበረው ይህ ኩባንያ ፈጠራውን የንግዱ ምሰሶ ሊያደርገው አልቻለም። በ2012 ኪሳራ ላይ መውደቁን ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ በዚያው ዓመት የዲጂታል ምስል ፓተንቶቹን በ525 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመሸጥ ተስማማ። እንግዲህ «ኮዳክ በፈጠራ ቀዳሚ ነበር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ ነው?

የአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራንና ፓተንትን ለይቶ ይተረጉማል። በአዋጁ መሠረት የፓተንት ዘመን 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ በ5 ዓመት ይራዘማል። «የባለቤትነት መብት» የሚለው ሐረግ ግን ዘለቄታ ያለው ርስት ያስመስለዋል። ስለዚህ «ፓተንት» የሚለውን ውሰት ቃል እንደግፋለን። «ኢኖቬሽን» በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መጠሪያነት ስለ ገባ የሚወጣ አይመስልም፤ ሆኖም በዓረፍተ ነገር ውስጥ «ፈጠራን ለሥራ ማብቃት» ማለት ይበልጥ ይገልጻል ባዮች ነን።

ይበልጥ የሚያከራክረው የደረጃ መለኪያው ስያሜ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2021 ድረስ ለ29 ተከታታይ ዓመታት በአሜሪካ ብዙ ፓተንት በማግኘት አንደኛ ነበር፤ በ2022 ሳምሰንግ ቀደመው። ይህ ቆጠራ «የፓተንት ብዛት» ነው። ሌሎች መዛኞች ግን አንድ ፓተንት በኋለኞቹ ፓተንቶች ምን ያህል እንደ ተጠቀሰና የጠቀሱት ከስንት የሙያ መስክ እንደ መጡ ይመለከታሉ። ይህን «ኀይል» ብንለው አስገዳጅነትን ያሰማል። «ጥንካሬ» ደግሞ ፓተንቱ በፍርድ ቤት ክርክር ሳይሻር መጽናቱን ለማመልከት ይፈለጋል። እኛ «የፓተንት ክብደት» የሚለውን መርጠናል፤ «የነገሩ ክብደት» እንደምንለው ሁሉ መጠንን ሳይሆን ዋጋን ያሳያልና።

የፈለሰፈውን ሰው «ፈጣሪ» ማለት አንባቢን ወደ እግዚአብሔር ይወስደዋል፤ «የፈጠራ ሠራተኛ» ይሻላል። ይህም ስያሜ ለሳሰን እንጂ ለኮዳክ አይሰጥም፤ ኩባንያው «የፓተንት ባለመብት» ነው።