ያደረ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል

አዲስ አበባ ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ጠዋት ሞተር ለማስነሳት የሚደረገው ትግልም ያኔ ይበረታል። መኪናው አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ሸጋ ሆኖ ይውላል። ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሲወስደው የሞቀው ሞተር ቁልፍ እንደነኩት ይነሳል፤ መካኒኩም የሚያየው ብልሽት ስለሌለ በግምት ባትሪ ወይም ካንዴላ ያስቀይራል። በማግስቱ ጠዋት ችግሩ እዚያው ነው። ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚገለጥ ብልሽት መመርመር ያለበትም ሞተሩ ሳይሞቅ ነው።

ምርመራው በጆሮ ይጀመራል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እየከበደው ቀስ ብሎ ይዞራል? ወይስ በደንብ እየዞረ አልነሳም ይላል? መልሱ ፍለጋውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ይህን ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ቅድሚያ የሚፈተሸው የኤሌክትሪኩ ወገን ነው። ጠዋት፣ ምንም ነገር ከመክፈትዎ በፊት፣ ባትሪውን በቴስተር ይለኩት። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ማታ ሞተሩ ከጠፋ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደህና የነበረው ቁጥር ጠዋት ወርዶ ከተገኘ፣ ወይ ባትሪው ኃይል መያዝ አቅቶታል፣ ወይ ሌሊቱን የሚጠባ ነገር አለ። ተቆልፎ የቆመ መኪና በአብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር በላይ መውሰድ የለበትም። ከዚያ ካለፈ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ሲነቀል እንደሚቀንስ ማየት ነው፤ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ቴፕ ብዙ ጊዜ ተጠያቂ ይሆናል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ከከበደው ግን የባትሪውን ማሰሪያዎች፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘውን ኔጋቲቭ ገመድና ሞተሪኖውን ያስፈትሹ።

በደንብ እየዞረ የማይነሳ የቤንዚን መኪና ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ዘግይቶ ይደርሰዋል። የነዳጁ ፖምፓ ሞተሩ ሲጠፋ መስመሩ ላይ ያለውን ግፊት የሚይዝ ቫልቭ አለው፤ ቫልቩ ሲያረጅ ሌሊቱን ነዳጁ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፍተው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ይዝጉ፣ ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ በኋላ ወዲያው ከተነሳ ጥርጣሬው ወደ ግፊቱ ያመራል። በአንዳንድ መኪኖች ግን ፖምፓው የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ ግፊቱን በጌጅ መለካት ያስፈልጋል። የሙቀት ሴንሰሩም አይረሳ። ባደረ መኪና ላይ የሞተሩ ውኃና የሚገባው አየር ሙቀት በኮምፒውተር መመርመሪያው ሲነበብ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ሴንሰሩ ቀዝቃዛውን ሞተር የሞቀ ነው ካለ የመኪናው ኮምፒውተር ለቀዝቃዛ ሞተር የሚገባውን ተጨማሪ ቤንዚን አይሰጥም።

የናፍታ መኪና ጉዳይ ለደጋው ነዋሪ የተለየ ክብደት አለው። ናፍታ የሚቀጣጠለው በብልጭታ ሳይሆን ተጨምቆ በጋለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየርም ያንኑ ያህል ሳስቷል። ስለዚህ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ከሞቱ ጠዋት መከራ ነው፦ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ናፍታ ናፍታ የሚል ነጭ ጭስ ያወጣል። ማሞቂያዎቹ ደህና ከሆኑ፣ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ እስኪጠነክር ይጫኑት። ያኔ ቶሎ ከተነሳ ሌሊቱን በላላ ማሰሪያ ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ አየር እየገባ ነው፤ ጥገናውም አንዳንዴ የአንድ ማሰሪያ ዋጋ ነው።

ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ሆኖ የራዲያተሩ ውኃ ከቀን ወደ ቀን የሚጎድል ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሩት፤ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ሙከራ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ሞተሪኖው ይግላል። ጋራዥ ሲሄዱም መኪናውን ማታ ወስደው እዚያው ያሳድሩትና ጠዋት የመጀመሪያውን ቁልፍ መካኒኩ ራሱ ያዙር።