ማንበብ እና መረዳት፦ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆቻችንን እንዴት እናግዝ?

አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ሲወርደው ስንሰማ «ማሻአላህ፣ ማንበብ ቻለ» እንላለን። መጽሐፉን አጥፈን «ታሪኩ ስለ ምን ነበር?» ስንለው ግን ዝም የሚል ልጅ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ስለ ቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድም ጥያቄ መመለስ አልቻሉም ነበር። ሳይንሱም ሒሳቡም በጽሑፍ ስለሚመጣ ይህ ችግር ክፍል በጨመረ ቁጥር ሌላውንም ትምህርት ይዞ ይወድቃል።

የንባብ ተመራማሪዎች ማንበብ ሁለት ችሎታዎችን እንደሚጠይቅ ያስረዳሉ። አንዱ ፊደሉን ወደ ቃል መለወጥ ሲሆን ሌላው ቋንቋውን መረዳት ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይበቃም። በመድረሳ ልጆቻችን ቁርአንን በተጅዊድ ይቀራሉ፣ ይሐፍዛሉ። ይህ በራሱ ዒባዳ ነው። ትርጉሙን ለማወቅ ግን ዐረብኛና ተፍሲር መማር እንደሚያስፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። በትምህርት ቤትም በቤቱ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ የአማርኛውን ጽሑፍ አጥርቶ እያነበበ ትርጉሙ ላይገባው ይችላል። ይህ የቋንቋ ጉዳይ እንጂ የአእምሮ ድክመት አይደለም።

በአማርኛማ በትክክል ለማንበብ ራሱ መረዳት ያስፈልጋል። «ዋና» የሚለው ቃል ሲላላ ውኃ ላይ የሚዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ዐቢይ ማለት ነው። ጽሑፉ ልዩነቱን አያሳይም፤ የሚነግረን የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው።

ታዲያ መረዳትን እንዴት እናስተምር? ከማንበባችን በፊት ርዕሱንና ሥዕሉን አሳይተን «ስለ ምን ይመስላችኋል?» ብለን እናስገምት። እያነበብን ቆም ብለን ያልታወቀውን ቃል እናብራራ። ከዚያ ልጁ ራሱ ጥያቄ ያውጣ፤ በመጨረሻም በራሱ አባባል ይተርክ። ለምሳሌ «ፋጡማ ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ደብተሮቿ ረጥበው ነበር» የሚለውን እንውሰድ። «ምን ረሳች?» ለሚለው መልሱ ጽሑፉ ላይ አለ። «ደብተሮቿ ለምን ረጠቡ?» ለሚለው ግን ዝናብ የሚለው ቃል አልተጻፈም፤ ልጁ አስቦ ይደርስበታል። ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ነው መረዳትን የሚያጎለብተው።

ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ግን ችግሩ የት እንዳለ እንለይ። ቀላሉ መንገድ ታሪኩን እኛው አንብበንለት መጠየቅ ነው። ሲነበብለት በደንብ እየመለሰ ራሱ ሲያነብ የሚደናቀፍ ከሆነ ችግሩ ከፊደሉ ጋር ነው። ይህ ልጅ ፊደልን ከድምፅ ጋር ደጋግሞ መለማመድ፣ አጭር ጽሑፍና ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል፤ እስከዚያው በቃል እንዲመልስ ቢፈቀድለት ዕውቀቱ ተደብቆ አይቀርም። ሲነበብለትም የማይገባው ከሆነ የቃላት ሀብቱን በጨዋታና በተረት እናዳብር። መጽሐፉን ዓይኑ ሥር የሚያስጠጋውን ወይም ከኋላው ሲጠሩት የማይሰማውን ደግሞ ቶሎ ሐኪም ይየው፤ በክፍል ውስጥም ፊት ለፊት ይቀመጥ። ጨርሶ ማየት ለተሳነው ልጅ ብሬል፣ መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋ ለትምህርቱ በር ነው።

አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሰው ዓይን ሸሽጎ ቤት ማስቀረት አማናን መዘንጋት ነው። ዐይነ ስውሩ ሰሐባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩ ከመዲና ሲወጡም ወክለዋቸው ያውቃሉ። ወላጅ፣ መምህርና ኡስታዝ ስለ አንድ ልጅ ተቀምጠን ከተመካከርን፣ በትምህርት ቤትም በመድረሳም የሚደረግለት እገዛ አንድ አቅጣጫ ይይዛል። ዛሬ ማታ ልጃችን ሲያነብ አጠገቡ እንቀመጥና «ምን ተረዳህ?» እንበለው።