የግቢ ሌሊትና ረሃብ

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ስትዘጋጁ ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ፣ ስለ ዶርምና ስለ ጓደኛ ብዙ ይነገራችኋል። ስለ ሌሊት ረሃብ ግን እምብዛም ሲወራ አልሰማም። እኔ የግቢ ተማሪ ስለሆንኩ የማየውን ላካፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፌ ውስጥ እራት የሚበላው በ11 ወይም በ12 ሰዓት ነው። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ጥናቱ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። በመሀል ስድስት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ሆድ ቢጮህ ሆዳምነት አይደለም። በዚያ ላይ እንቅልፍ ሲጎድል “ብላ” የሚለው ግረሊን የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፤ “ጠግበሃል” የሚለው ሌፕቲን ደግሞ ይቀንሳል። ለዚህም ነው በሌሊት ጣፋጭና ቅባት ያለበት ነገር በጣም የሚያምረን።

“ታዲያ ይሄ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?” ትሉ ይሆናል። ረሃብ ራሱ ቫይረስ አያመጣም። አደጋው ያለው ረሃቡን ለማስታገስ የምንሄድበት መንገድ ላይ ነው።

አንዱ መንገድ ጫት ነው። አንዳንድ ልጆች “ለጥናት ነው” እያሉ ይቅማሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍንም የምግብ ፍላጎትንም ስለሚያጠፋ እራት ይዘለላል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር “ጨብሲ” ተብሎ ወደ መጠጥ ቤት ይኬዳል። በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ማመዛዘን ይጠፋል፤ ኮንዶምም ይረሳል።

ሁለተኛው ግብዣ ነው። በዕድሜም በገንዘብም የሚበልጥ ሰው ኪሷ ባዶ የሆነችን ተማሪ “ነይ እራት ልጋብዝሽ” ይላታል። ዛሬ እራት፣ ነገ የሞባይል ካርድ፣ ከነገ ወዲያ ውለታው ይጠየቃል። ያን ጊዜ “ያለ ኮንዶም አይሆንም” ማለት ይከብዳል። ጥፋቱ የተራበችው ልጅ ሳይሆን በረሃቧ የሚጠቀምባት ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው ከሴቶች 1.2 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 0.6 በመቶ ነበር። ወንዶችም ብትሆኑ “እኛን አይመለከትም” አትበሉ፤ ጨብሲው ላይ አላችሁበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መፍትሔው ውድ አይደለም።

አንደኛ፣ ስንቅ ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ ወይም ጭኮ ከቤት ይዞ መምጣት ነውር አይደለም። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ሆድ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ እራት አትዝለሉ። የዶርም ልጆች ተሰባስባችሁ ሳንቲም አዋጡና ዳቦና ሙዝ በቀን ግዙ። ቫይረሱ በደሙ ካለበት ጓደኛችሁ ጋር በአንድ ሰሃን መብላትም አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ማንንም ከማዕዱ አታግልሉ።

ሦስተኛ፣ ግብዣ ከመቀበላችሁ በፊት “ነገ ምን እጠየቃለሁ?” በሉ። በሌሊት ከግቢ ለብቻ አትውጡ።

አራተኛ፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከተደረገ ወይም ኮንዶሙ ከተቀደደ፣ ይልቁንም አስገድዶ መድፈር ከተፈጸመ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቫይረሱን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ስለሚሠራ “ነገ እሄዳለሁ” አይባልም።

ወገኖቼ፣ ሌሊት የሚመጣውን ረሃብ በቀን ካሰብንበት የማንም መጫወቻ አያደርገንም። ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ ከደብተሩ ጎን ለቆሎም ቦታ ተዉለት። መልካም ጥናት!