ተመልካች ያረመው ተውኔት

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ወደ ማታ ከመምህሩ ፊት ለመንገር ሲነሣ፥ ሥራው ነቀፋ የሌለበት ይመስለዋል፤ ሰሙ ከወርቁ የተስማማ፥ ዜማውም የሠመረ ይመስለዋል። ነገር ግን አፉን ከፍቶ ድምፁን ባሰማ ጊዜ፥ መምህሩ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ፥ ከባልንጀሮቹ ዝምታ የተነሣ ቅኔው ከየት ላይ እንደ ተሰበረ ራሱ ያስተውለዋል። ከዛፉ ሥር ብቻውን ሳለ ያልታየው ጉድለት በሰው ጆሮ ፊት ይገለጥለታል። «ይበል» የሚለው ቃልም ቢሆን ተለምኖ የሚገኝ አይደለም፤ ወይ ይወጣል፥ ወይ አይወጣም።

ይህን ማለታችን ስለ ቅኔ ለመጻፍ አይደለም፤ በሩቅ አገር ስለ ተደረገ አንድ ሥራ ለአንባቢዎቻችን ለመንገር መግቢያ እንዲሆነን ነው እንጂ። በአሜሪካ አገር ንግግርን ከዘፈንና ከጭፈራ ጋር አስተባብረው ሙዚቃዊ ተውኔት የሚያዘጋጁ ሰዎች፥ ልምምዱ ባለቀ ማግስት ሥራቸውን ለኒው ዮርክ ሐያስያን አያቀርቡም። በቀድሞው ልማድ ተውኔቱ አስቀድሞ ወደ ኒው ሄቨን፥ ወደ ቦስተን፥ ወደ ፊላደልፊያ፥ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዲትሮይት ይወሰድና በዚያ ከተማ ሕዝብ ፊት ለጥቂት ሳምንታት ይሞከር ነበር። ቀን ይታረማል፥ ማታ ይታያል። ዛሬ ብዙዎቹ ሙከራውን የሚያደርጉት እዚያው ኒው ዮርክ፥ በሚከፈትበት ቴአትር ቤት ውስጥ ነው፤ ሐያስያኑም ተውኔቱ በይፋ እስኪከፈት ድረስ ጽሑፋቸውን አያወጡም። ስለዚህ በእነዚያ ሌሊቶች ከወንበሩ ላይ ያለው ዳኛ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ተራ ሰው ብቻ ነው። እርሱም ዳኛ መሆኑን አያውቀውም። ሲሥቅ፥ ሲያስል፥ ፕሮግራሙን ሲያገላብጥ፥ ከበስተ ኋላ ቆመው የሚመለከቱት ደራሲዎች ፍርዱን ይጽፋሉ።

የተመልካች ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስተምር አንድ ምሳሌ ይበቃናል። በ1962 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ስለ ጥንቷ ሮም የተደረሰ አንድ የሣቅ ተውኔት በዋሽንግተን ሲሞከር ሕዝቡ አልሣቀም። ደራሲዎቹ ቢደክሙ፥ ተዋናዮቹም ቢተጉ አልሆነም። በዚህ ጊዜ ጀሮም ሮቢንስ የተባለው የጭፈራ ሊቅና አዘጋጅ ለምክር ተጠርቶ ተመለከተውና፥ ጉድለቱ ከቀልዱ ሳይሆን ከመክፈቻው ዘፈን ላይ ነው አለ። የመጀመሪያው ዘፈን ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ስለ ነበረ፥ ሊሥቅ የመጣ መሆኑን ለሕዝቡ የነገረው ሰው አልነበረም። ስቲቨን ሶንድሃይም የዚያ ማታው ጉዳይ ሣቅ መሆኑን የሚያስታውቅ አዲስ መክፈቻ ጻፈ፤ ያው ቀልድና ያው ተዋናይ ሆኖ ሳለ አዳራሹ ይሥቅ ጀመር። እርማት በበዛ ቍጥር ሥራ ይሠምራል ማለት ግን አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በኖቬምበር በኒው ዮርክ መሞከር የጀመረው የሸረሪት ሰው ተውኔት በ2011 ዓ.ም. በጁን እስኪከፈት ድረስ 182 ጊዜ በሙከራ ታይቷል፤ ሐያስያኑ መጠበቅ ታክቷቸው አስቀድመው ጻፉበት፤ ባለገንዘቦቹንም ለታላቅ ኪሳራ ዳርጎ በ2014 ዓ.ም. ተዘጋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ይኸውም «ጣሪያ ላይ የቆመው ቫዮሊን ተጫዋች» የሚባለው ተውኔት ነው። መሠረቱ ሾለም አሌኼም በሚል የብዕር ስም የታወቀው ደራሲ በይዲሽ ቋንቋ የጻፋቸው ታሪኮች ናቸው፤ ሰውየው በ1859 ዓ.ም. በዛሬዋ ዩክሬን ተወልዶ በ1916 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የሞተ ነው። ከታሪኮቹ ጆሴፍ ስታይን ንግግሩን፥ ሼልደን ሃርኒክ ግጥሙን፥ ጄሪ ቦክ ዜማውን አዘጋጁ፤ ያ የጭፈራ ሊቅ ጀሮም ሮቢንስም አዘጋጁ ሆነ። ልምምድ ሳይጀመር ሮቢንስ ለደራሲዎቹ ያቀርብላቸው የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ይህ ተውኔት ስለ ምንድን ነው? እነርሱም አምስት ሴት ልጆች ስላሉት ወተት ሻጭ ነው ይሉታል። እርሱ ግን አልረካም። እየደጋገመ ቢያስጨንቃቸው፥ ከእለታት አንድ ቀን፥ ይህ አባቶች ያቆዩት ወግ ሲፈርስ የሚያሳይ ነው የሚል መልስ ወጣ። እንግዲያስ እርሱን ጻፉ አላቸው፤ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ስለ ወግና ሥርዓቱ የሚዘፍንበት መክፈቻ ከዚህ ተወለደ። በእኛ ዘንድ ትውፊት የምንለውን ነገር የመድረክ መክፈቻ አደረጉት ማለት ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1905 ዓ.ም. በመስኮብ ነገሥታት ግዛት፥ አናቴቭካ በምትባል የአይሁዳውያን መንደር ነው። ወተት ሻጩ ቴቭዬ ለታላቂቱ ልጁ ባለጠጋ ሥጋ ሻጭ ሲያጭላት፥ እርስዋ ድኻውን ልብስ ሰፊ ትመርጣለች። ሁለተኛይቱ ወደ ሳይቤሪያ የተጋዘውን ተማሪ ተከትላ ትሄዳለች። ሦስተኛይቱ ሐቫ ግን ክርስቲያን ወጣት ወድዳ ታገባለች። አባትየው ለመጀመሪያይቱ እሺ ይላል፥ ለሁለተኛይቱም ይመርቃል፤ በሦስተኛይቱ ላይ ግን ልቡ ይቆማል።

በ1964 ዓ.ም. በጁላይ መጨረሻ ይህ ተውኔት በዲትሮይት ከተማ በፊሸር ቴአትር ለሙከራ ቀረበ። በዚያ ወራት የከተማው ጋዜጦች ሠራተኞች ሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለ ነበሩ፥ የአገሩ ሐያሲ የጻፈበት የለም። ስለ ቴአትር ንግድ የሚጽፈው አንድ ጋዜጣ ብቻ መካከለኛ ሥራ መሆኑን ገልጾ፥ ዘፈኖቹም ከሰው ልብ የሚቀሩ አይደሉም ብሎ ነበር። ተውኔቱ ረዥም ነበር፤ ሁለተኛው ክፍልም ይጎተት ነበር። አዘጋጁና ዋናው ተዋናይ ዚሮ ሞስቴልም የሚዋደዱ ሰዎች አልነበሩም፤ ሮቢንስ በ1953 ዓ.ም. ለአገሩ ምክር ቤት መርማሪዎች የባልንጀሮቹን ስም ሰጥቶ ሳለ፥ ሞስቴል በ1955 ዓ.ም. አልሰጥም ብሎ የቆየ ሰው ነውና። ይሁን እንጂ ሥራውን በአንድነት ሠሩ። (ጠብ ያለባቸው ሁለት መሪጌቶች በአንድ ማኅሌት ሲቆሙ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።)

ከታረሙት ነገሮች ሁሉ እኛን ያስደነቀን በመጨረሻው ክፍል የነበረው የመሲሕ ዘፈን ነው። የመንደሩ ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ አገር ለቅቃችሁ ውጡ ተብለው ዕቃቸውን ሲሸክፉ፥ ቴቭዬ መሲሕ በመጣ ጊዜ ስለ መዘግየቱ እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ የሚተርክ የቀልድ ዘፈን ይዘፍን ነበር። አስቀድሞ ገንዘብ ለሚያወጡት ሰዎች በሳሎን ውስጥ ሲዘፈንላቸው አብዝተው ይሥቁ ነበር። የዲትሮይት ሕዝብ ግን አልሣቀም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም፤ በሳሎን የነበሩት ሰዎች ግጥሙን ብቻ ሰሙ፤ በአዳራሹ የነበሩት ግን ከዚያ ቀደም ብለው ሁለት ሰዓት ከሰውየው ቤት ተቀምጠው፥ ሰንበቱን አብረውት አክብረው፥ የልጁን ሠርግ በልተው ነበር። የለቅሶ ቤት ገብቶ በቀልድ የሚሥቅ ጎረቤት ማን ነው? ዘፈኑ ወጣ። በአንጻሩ ስለ መንደሪቱ የሚዘፈነው ዜማ አስቀድሞ ፈጠን ያለ የጨዋታ ዜማ ነበር፤ እርሱን አዘገዩትና የስንብት ዘፈን ሆነ። ያው ዜማ ነው፤ እርምጃው ብቻ ተለወጠ። ግእዝና ዕዝል የለመደ ጆሮ ይህ ምን ያህል ታላቅ ለውጥ እንደሆነ ይረዳዋል።

ሌላው በዲትሮይት የተጨመረ ነው። ባልና ሚስቱ ልጆቻቸው ስለ ፍቅር ሲያወሩ ሰምተው፥ ቴቭዬ የሀያ አምስት ዓመት ሚስቱን «ትወጅኛለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘፈን ሃርኒክና ቦክ እዚያው በሙከራው ወራት የደረሱት ነው። ሚስትየዋ ጥያቄውን እንደ ዕብደት ትቈጥረዋለች፤ ያጠበችውን፥ የቀቀለችውን፥ ያለበችውን ትቈጥርለታለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች መጀመሪያ የተያዩት በሠርጋቸው ዕለት ነበር። አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በሽማግሌ ተጠያይቀው፥ የተጫጩትም ሳይተያዩ፥ ከዚያ በኋላ አርባና ሀምሳ ዓመት በአንድ ጎጆ የኖሩ አባቶችና እናቶች በእኛ አገር ጥቂት አይደሉም፤ ያንን ጥያቄ አንዱ ለሌላው ያቀረበ ግን ስንት ይሆን? እንደ እኛ አስተያየት ከጠቅላላው ተውኔት የዚህን ያህል የደረሰ ሌላ ቦታ የለም፤ ጭፈራ የለበትም፥ ጌጥም የለበትም፤ ሁለት የደከማቸው ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሐቫ ከሄደች በኋላ ይጨፈር የነበረውም ረዥም ጭፈራ አጠረ፤ አባትየው ብቻውን ቆሞ ስለ ልጁ የሚያስብበት አጭር ቦታ ሆነ። ተውኔቱ ከዲትሮይት ወደ ዋሽንግተን አልፎ በሴፕቴምበር 22 ቀን 1964 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በኢምፔሪያል ቴአትር በተከፈተ ጊዜ፥ በጁላይ ከታየው ብዙው ተለውጦ ነበር። እስከ 1972 ዓ.ም. 3,242 ጊዜ ታየ፤ በዚያ ከተማ ከ3,000 ያለፈ ሙዚቃዊ ተውኔት ከእርሱ በፊት አልነበረም።

እኛ ተውኔቱን በመድረክ አላየነውም፤ ያየነው በ1971 ዓ.ም. የወጣውን ፊልም ከቤተ ሰባችን ጋር ተቀምጠን ነው። እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ ሌሊት እንደ ተመልካች የከበደን ነገር ሌላ ነበር። ሐቫን ያገባው ወጣት የመስኮብ ኦርቶዶክስ ነው፤ እናትየዋ ልጅዋን ፍለጋ ሄዳ ጋብቻው መፈጸሙን የሰማችው ከቄሱ ነው። የሠርጉን ዳስ የሚያፈርሱት፥ ትራሱን የሚቀድዱት፥ በኋላም መንደሩን የሚያስለቅቁት ሰዎች መስቀል ያሰሩ ናቸው። የእኛና የእነርሱ ቤተ ክርስቲያን ከኬልቄዶን ጉባኤ ከ451 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ማዕድ የማይቀርቡ ቢሆኑም፥ ሻማውና ሥዕሉ፥ ጾሙና በዓሉ ባዕድ አይደለም። ተውኔቱ የተረከውም የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ በ1903 ዓ.ም. በኪሺኔቭ ከተማ ከ45 የሚበልጡ አይሁዳውያን የተገደሉበት ሁከት የተነሣው በትንሣኤ በዓል ዕለት ነበር። «ክርስቶስ ተነሥቷል» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው በዚያው ቀን የጎረቤቱን በር ሰበረ። ስለዚህ ክርስቲያን ተመልካች ይህን ተውኔት ሲያይ ከወንበሩ ላይ የት እንደሚቀመጥ ይቸግረዋል። አንድ ጊዜ ከአባትየው ጋር ሆኖ ከሃይማኖት ስለ ወጣችው ልጅ ያዝናል፤ ሐዘኑን እናውቀዋለን፥ በአገር ቤትም በውጭ አገርም ይህ ሐዘን የገባበት ቤት አለና። ወዲያው ደግሞ በሩን የሚሰብረው ሰው አንገት ላይ የራሱን ማዕተብ ያያል።

በ1967 ዓ.ም. ተውኔቱ በቶኪዮ ከተማ በጃፓንኛ በቀረበ ጊዜ፥ የዚያ አገር ሰው ለጆሴፍ ስታይን፥ ይህ ፈጽሞ የጃፓን ነገር ሆኖ ሳለ አሜሪካኖች እንዴት ገባቸው ብሎ እንደ ጠየቀው ደራሲው ራሱ ይተርክ ነበር። እኛም የኢትዮጵያ ነው ለማለት ትንሽ ቀርቶን ነበር።

በመጨረሻው ክፍል ሐቫና ባልዋ ሊሰናበቱ ይመጣሉ። እነርሱም በጎረቤቶቻቸው ላይ ይህን ከሚያደርጉ ሰዎች ጋር አንኖርም ብለው አገር መልቀቃቸው ነው። አባትየው ቀና ብሎ አያያትም፤ ገመዱን ያጠብቃል፥ ዕቃውን ያነሣል ይጥላል። ታላቅ እኅትዋ ደኅና ሁኚ ስትላት፥ እርሱ ፊቱን ሳያዞር እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን የሚል ቃል በሹክሹክታ ያቀብላታል፤ እርስዋም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታደርስለታለች። ሐቫ ወደ አሜሪካ እንጽፍላችኋለን ትላለች። ይህን ጊዜ እናትየዋ የምናርፈው ከእገሌ አጎት ዘንድ ነው ብላ ትጮኻለች፤ ባልዋም ዓለሙ ሁሉ ጉዳያችንን ማወቅ አለበት ወይ ብሎ ያጉረመርማል።

ከእኛ ጋር ሆነው ይመለከቱ የነበሩት እናታችን እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ቋንቋውን ስለማይሰሙ እኛ ነበርን ቀስ እያልን የምንተረጕምላቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ፥ «ሰጠቻት እኮ፥ አድራሻውን ሰጠቻት» አሉ። «እርሱም መስጠትዋን ሰምቷል።»