ጤፍና ነጭ ዱቄት በአንድ ምጣድ

እዚህ እስራኤል፣ በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራም ሆነ በያቭኔ ጤፍ ይወደዳልና ብዙ ቤት ነጭ የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ አንዱ ሲሶውን፣ ሌላው ግማሹን። እንጀራው ዐይን ያወጣል፣ ወጡንም ይሸከማል። ሰውነት የሚያገኘው ግን እኩል አይደለም።

በጉልበት ሰጪነት ሁለቱ አይበላለጡም፦ 100 ግራም ጤፍ 367፣ ነጭ ዱቄት 364 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አላቸው። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ጤፍ 8 ግራም ፋይበር ሲይዝ ነጩ ዱቄት 3 እንኳ አይሞላም። ካልሲየም በጤፍ 180 ሚሊ ግራም፣ በነጩ 15 ነው፤ ማግኒዥየም 184 እና 22። ፕሮቲኑም 13 ግራም በ10 ሲሆን፣ ስንዴ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጤፍ ይሻላል።

ምክንያቱ የጤፍ ፍሬ ደቃቅነት ነው። በ1 ግራም ውስጥ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ፍሬ አለ፤ ይህን ያህል የደቀቀ እህል ልጣጩ ተገፎ አይወጣም፣ ከነፉርሽካው ይፈጫል። ስንዴ ግን ዱቄቱ እንዲነጣ ሲባል ፉርሽካው ይነፋል፤ ፋይበሩና ማዕድኑም አብሮት ይሄዳል። ጥፋቱ እንግዲህ የስንዴ ሳይሆን የማንጣቱ ነው። እዚህ ቄማሕ ማሌ የምንለው ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ወደ 11 ግራም ፋይበር አለው፤ በካልሲየም ግን ጤፍን አይጠጋም። መቀላቀል ግድ ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የብረቱ ነገር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። በሠንጠረዥ ላይ ጤፍ 7.6፣ ምንም ያልተጨመረበት ነጭ ዱቄት 1.2 ሚሊ ግራም ነው። ነገር ግን ጤፍ መሬት ላይ በበሬ ሲወቃ ከአፈሩ ብረት ይይዛል፤ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይቀንሳል። በፍሬው ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። እርሾ እዚህ ላይ ነው ዋጋው። እናቶቻችን ሊጡ ላይ የሚያቁረውን ቢጫ ውሃ ለቀጣዩ ቡኮ የሚያስቀሩት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሊጡን እንዲያቦኩት ነው፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ እየተፈታ ብረቱ ለሰውነት ይለቀቃል። በቤኪንግ ፓውደር ተነፍቶ በዚያው ቀን የሚጋገር እንጀራ ይህ ዕድል የለውም። የደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡርም ጤፍን ተማምና ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን መተው የለባትም።

ወገኖቻችን የኢትዮጵያ አይሁድ እ.ኤ.አ. በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሲገቡ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። ዓመታት ሲያልፉ ግን በማኅበረሰባችን ተስፋፋ። ነጭ ዱቄት ብቻውን አላመጣውም፤ ጣፋጭ መጠጡና የእግር መንገድ መቅረቱም አለበት። ጤፍም ቢሆን ከ100 ግራሙ 73ቱ ካርቦሃይድሬት ነውና ስኳር ያለበት ሰው መጠኑን ያስብ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ማገዷ ጤፍን በውጭ ላለነው ብርቅ አድርጎት ነበር። ዛሬ ከገዴራ ቅርብ በሆነችው ረሖቮት የሂብሩ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ተመራማሪዎች ጤፍን ለእስራኤል እርሻ ለማላመድ ዝርያዎቹን ያጠናሉ።

ጤፍ ግሉተን የለውም። ግሉተን የማያስበላ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ግን ከመንደር ጋጋሪ እንጀራ ሲገዙ ስንዴ ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ በአንድ ቡኮ ዕቃና በአንድ ምጣድ ሁለቱም የሚጋገሩ ከሆነም ለልጁ እቤት መጋገር ይሻላል።