ፎሌ ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም

ቸርችል ጎዳና ላይ መኪና ያቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር ሲወረድ መንገዱ ተዳፋት ነው። መኪናውን ፎሌ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬን ሳይዝ “መጣሁ” ብሎ የወረደ ሹፌር ሲመለስ የሰው መኪና ገጭቶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የአራዳ ሹፌር ማርሽ ያስገባል፣ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ይጠመዝዛል፣ ፍሬኑን ካላመነው ድንጋይ ያስደግፋል። ይኼው ጠንቃቃ ሰው ግን ላንጋኖ ወርዶ ጀልባ ላይ ሲወጣ፣ ሞተሩ እየተንደቀደቀ ዘሎ ውሃ ውስጥ ይገባል።

ይኼ በስፖርት ገጽ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ የኛው የኳስ ቤተሰብ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ቡድን ነው፤ ፈረሰኞቹንም ሆነ ቡናማዎቹን ተከትሎ ወደ ሐዋሳ መውረድ የቆየ ልማድ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ላንጋኖ ጎራ ማለት አለ። ቡድኑ አሸንፎ ከሆነማ አይጠየቅም። ገንዘብ ተዋጥቶ ጀልባ ይያዛል፣ ከዳር ራቅ ብሎ መልህቅ ይጣላል፣ ከዚያ ማን ቀድሞ ይዘላል ነው።

ችግሩ ያለው ከጀልባው ኋላ፣ ከውሃው ሥር ነው። ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር ባለ ምላጭ ነው። ሦስት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር በደቂቃ 3,200 ጊዜ ሲዞር፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 160 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ቀስ ብሎ 300 ጊዜ ብቻ ቢዞር እንኳ በሰከንድ 15 ምት ነው። እጅህን ልሰብስብ ብትል አይደርስልህም።

“ፎሌ ላይ ነው፣ አትፍሩ” የምትለዋን ነገር ነው እኔ የምጠላት። ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስ ማርሽ ለማስገባት አንድ ክርን ይበቃል። ጀልባው ላይ የሚጨፍር ሰው አለ፣ ቢራ ለማንሳት የሚጎነበስ አለ፤ አንዱ ማርሹን ገፋ ካደረገው ፕሮፔለሩ ይነሳል። አንዳንዱ ሞተር ደግሞ ፎሌ ላይም ሆኖ ፕሮፔለሩን ቀስ እያለ ያዞረዋል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ፕሮፔለሩ ቀጥ ማለቱ ይታይ፣ ከዚያ ይዘለል።

መልህቅ ተጥሏል ማለትም ጀልባው ቆሟል ማለት አይደለም። በገመድ እንደታሰረ በግ ነው፤ ነፋሱ በዞረ ቁጥር ይዞራል። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ያየ ይፈርዳል። አሁን ከጎን የነበርክ ዋናተኛ ከደቂቃ በኋላ ከጀልባው ጭራ ሥር ልትገኝ ትችላለህ። በጊዮን ሆቴል ገንዳ ዋና የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ይኼን ከየት ያውቀዋል? ገንዳ ግድግዳው አይንቀሳቀስም።

ላንጋኖ ሌላም ጣጣ አለው። ከብልሃርዝያ ነፃ ነው ተብሎ ይወደድ እንጂ ውሃው ቡናማ ነው፤ ክንድህን ስታስገባ መዳፍህ አይታይህም። ሹፌሩም አንተን አያይህም ማለት ነው። በተለይ የደከመ ዋናተኛ “ኑ አንሱኝ” ብሎ ሲጣራ፣ ሹፌሩ ለመርዳት ብሎ ወደ ኋላ ማርሽ ሲያስገባ ነው የሚከፋው፤ ፕሮፔለሩ ወደ ሰውየው ቀድሞ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ገመድ መወርወር፣ ወይም በአፍንጫው በኩል ተጠግቶ ሞተሩን አጥፍቶ መጎተት ይሻላል።

ብራዚላዊው የመርከብ ቀዘፋ ሳይሆን የሸራ ጀልባ ስፖርተኛ ላርስ ግራኤል የታወቀ ምሳሌ ነው። በ1988 የሴኡል እና በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ.) ነሐስ ወስዷል። በ1998 ብራዚል ውስጥ ውድድር ላይ እያለ ሞተር ጀልባ ገጨው፣ ፕሮፔለሩም ቀኝ እግሩን ወሰደው። ውሃውን እንደ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ነው! በ2015 ተመልሶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ እንጂ፣ ሁሉም እንደሱ አይታደልም። አሜሪካኖቹ ከ2021 ጀምሮ ከ8 ሜትር ያነሰ ጀልባ የሚነዳ ሰው ሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከሰውነቱ ጋር እንዲያስር አስገድደዋል። ሹፌሩ ከወደቀ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩም ይጠፋል።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚሁ ቸርችል ላይ ነው፤ ላንጋኖ ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የእግር ደም ሥር ከተቆረጠ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። የክለብህን ስካርፍ አውጥተህ ቁስሉን አጥብቀህ ተጫን፤ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ ሰውየውንም ይዛችሁ ወደ ሻሸመኔ ብረሩ።

ከዚያ በፊት ግን ሞተሩ ሊነሳ ሲል አንድ ሰው ይመደብና ጭንቅላት ይቁጠር። 14 ሆናችሁ ከወጣችሁ 14 ጀልባው ላይ እስኪታዩ ድረስ ቁልፉ ከዚያ ሰው ኪስ አይውጣ፣ ጨለማ ቢመጣም፣ ሹፌሩ ቢቆጣም።